ስኬላር ሙል የሚይዘው ማን ነው? በኒውትሮን ኮከቦችና በጥቁር ጉድጓዶች ዙሪያ ስለሚኖር ተጨማሪ የስበት መስክ

አጠቃላይ አንጻራዊነት ስበትን የሚገልጸው በአንድ መስክ ብቻ ነው፤ እርሱም የኅዋ-ጊዜ ሜትሪክ ነው። ከዚህ ሜትሪክ ጎን፣ በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁጥር ብቻ የሚይዝና አቅጣጫ የሌለው ሌላ መስክ የስበትን ሥራ የሚጋራ ቢሆን ምን ይከተላል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ካርል ብራንስና ሮበርት ዲኪ በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ የስበትን ቋሚ ቁጥር ራሱን በእንዲህ ዓይነት መስክ ተክተውታል፤ ከዚያ ወዲህም የስኬላር-ቴንሰር ንድፈ ሐሳቦች ብዙ ቅርንጫፍ አውጥተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቅርንጫፎቹን ሁሉ መቁጠር ሳይሆን አንድ ጠባብ ጥያቄ ማብራራት ነው፤ መስኩ ካለ፣ ከሩቅ ሊታይ የሚችል ምልክቱን የሚሸከመው የትኛው አካል ነው? ኒውትሮን ኮከብ ወይስ ጥቁር ጉድጓድ? መልሱ በንድፈ ሐሳቡ ዓይነት ፍጹም የሚገለበጥ መሆኑ ርእሰ ጉዳዩን አጓጊ ያደርገዋል።

«ምልክት» ስንል በትክክል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። መጠነ ቁስ የሌለው ስኬላር መስክ ከአንድ አካል እየራቀ ሲሄድ ከርቀቱ ጋር በተገላቢጦሽ እየቀነሰ ወደ ዳራ ዋጋው ይጠጋል። የዚህ አቀናነስ አባዥ ቁጥር፣ በኤሌክትሪክ ሙል አምሳያ፣ የአካሉ ስኬላር ሙል ይባላል። በአካሉ ቅርበት መስኩ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ፣ ሙሉ ዜሮ ከሆነ ሩቅ ያለ ጎረቤት የሚያስተውለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በጥንድ የሚዞሩ ከዋክብትን የሚመለከት ተመልካች የሚለካው ሙሉን ነው ማለት ይቻላል።

ከፀሐይ የሚመጣው እገዳ

የብራንስና የዲኪ ንድፈ ሐሳብ ኦሜጋ በሚባል አንድ ቁጥር ይመራል፤ ኦሜጋ በጨመረ መጠን ንድፈ ሐሳቡ ወደ አይንስታይን ይቀርባል። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ሳተርን በምትጓዝበት ጊዜ፣ በ2002፣ በፀሐይ አጠገብ አልፎ ወደ እርሷ ይላክና ይመለስ የነበረው የሬዲዮ ምልክት በዝርዝር ተለክቷል። በ2003 ይፋ የሆነው ውጤት ኦሜጋን ከ40 ሺ በላይ አድርጎታል። ይህን ወደ ጥምረት ጥንካሬ ስንለውጠው፣ መስኩ ከቁስ አካል ጋር ያለው ቀጥተኛ ጥምረት ስኩዌር ከ80 ሺ አንድ ያነሰ ይሆናል።

ብዙ ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ ጉዳዩ ተዘጋ ብለው ነበር። ነገር ግን የፀሐይ ስበት ደካማ ነው። የአንድን አካል የጥብቅነት መጠን፣ የስበት ቋሚ ቁጥርን በመጠነ ቁሱ አባዝተን ለሬዲየሱና ለብርሃን ፍጥነት ስኩዌር ብዜት በማካፈል ብንገልጸው፣ ለፀሐይ የሚወጣው 2 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ለነጭ ድንክ 10⁻⁴ አካባቢ ይደርሳል። 1.4 የፀሐይ መጠነ ቁስ እና 12 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ላለው ኒውትሮን ኮከብ 0.17 ይሆናል፤ ለማይሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ 0.5 ነው። በፀሐይና በኒውትሮን ኮከብ መካከል የአምስት አሥርዮሽ እርከን ልዩነት አለ። በዚህ ክፍተት ውስጥ አዲስ ክስተት ሊደበቅ እንደሚችል ያሳዩት ቲቦ ዳሙርና ዢል ኤስፖዚቶ-ፋሬዝ ናቸው፤ ዓመቱ 1993 ነበር።

ድንገተኛ ስኬላራዊነት

የሁለቱ ተመራማሪዎች ሐሳብ እንዲህ ነው። የመስኩ ቀጥተኛ ጥምረት በዳራው ዜሮ ይሁን፤ ስለዚህ የፀሐይ ፈተናዎች ምንም አያገኙም። ነገር ግን ጥምረቱ ራሱ ከመስኩ ዋጋ ጋር በቀጥታ ይለዋወጥ፤ የለውጡንም መጠን ቤታ እንበለው። በዚህ ጊዜ መስኩ በሁሉም ቦታ ዜሮ መሆኑ ሁልጊዜ የእኩልዮሾቹ መፍትሔ ነው፤ ይህም የአይንስታይን ኮከብ ነው። ወሳኙ ጥያቄ ይህ መፍትሔ የረጋ መሆን አለመሆኑ ነው። ትንሽ ነውጥ ብናስገባ፣ በኮከቡ ውስጥ መስኩ መጠነ ቁስ እንዳለው ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ የዚህ «መጠነ ቁስ» ስኩዌር ከቤታና ከቁሱ እፍግታ ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ቤታ አሉታዊ ሲሆን ስኩዌሩ አሉታዊ ይሆናል፤ ነውጡም በመሞት ፈንታ ያድጋል።

አሉታዊ ቤታ ሁሉ ግን አይበቃም። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል፤ ስሌቱ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙም ስለማይገኝ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። ኮከቡ ወጥ እፍግታ ያለው ሉል ነው እንበል፤ የኅዋ-ጊዜ ጉብጠትንም ለጊዜው እንተወው። በውስጡ፣ መስኩ በሬዲየስ ሲባዛ የሳይን ሞገድ ይሆናል። በውጭ፣ ዳራው ዜሮ ስለ ሆነ፣ መስኩ በሬዲየስ ሲባዛ ቋሚ ቁጥር ነው። ሁለቱ በኮከቡ ገጽ ላይ ያለ ስብራት እንዲገጥሙ፣ የሳይን ሞገዱ ገጹ ላይ ሲደርስ ልክ ከፍታው ጫፍ ላይ መገኘት አለበት፤ ማለትም በኮከቡ ውስጥ ቢያንስ ሩብ ሞገድ መግባት አለበት። የሞገዱ ቁጥር ስኩዌር በሬዲየሱ ስኩዌር ሲባዛ ከቤታ ፍጹማዊ ዋጋና ከጥብቅነት መጠን ብዜት ሦስት እጥፍ ጋር እኩል ነው። ይህን ከፓይ ስኩዌር ሩብ ጋር ስናስተካክለው፣ የሚያስፈልገው የቤታ ፍጹማዊ ዋጋ 0.82 ለጥብቅነት መጠን ተካፍሎ የሚገኘው ሆኖ ይወጣል። ጥብቅነቱ 0.2 ለሆነ ኮከብ ይህ 4.1 ይሰጠናል።

የአንጻራዊነት እኩልዮሾች በሙሉ በኮምፒዩተር ሲፈቱ የሚገኘው ገደብ ቤታ ከ−4.35 በታች መሆኑ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ይህን ያህል መቅረቡ በከፊል ዕድል ነው፤ ምክንያቱም የግፊት አስተዋፅኦና የጉብጠት እርማት እርስ በርስ ይጣፋሉ። ፊዚካዊ መልእክቱ ግን እውነተኛ ነው። በዚያው ቀመር ፀሐይ ስኬላራዊ እንድትሆን ቤታ ወደ 400 ሺ፣ ነጭ ድንክ እንዲሆን ደግሞ ወደ 8 ሺ መድረስ አለበት። ስለዚህ ቤታ −5 የሆነበት ንድፈ ሐሳብ በፀሐይ ዙሪያ ፍጹም ጸጥ ብሎ በኒውትሮን ኮከብ ውስጥ ብቻ ይነቃል።

የነውጡ እድገት ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። መስኩ ሲጨምር ኢ-ቀጥተኛ የሆኑት የእኩልዮሹ ክፍሎች ያቆሙታል፤ ኮከቡም በአዲስ የረጋ ሁኔታ ላይ ያርፋል። ከመግነጢስ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ጥልቅ ነው፦ ብረት ከ770 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ የውጭ መግነጢሳዊ መስክ ባይኖርም በራሱ መግነጢስ ይሆናል። እዚህ የሙቀትን ቦታ የያዘው የኮከቡ ጥብቅነት፣ የመግነጢስነትን ቦታ የያዘው ደግሞ ስኬላር ሙሉ ነው። የውጭው መስክ በጣም ትንሽ ቢሆን እንኳ ሙሉ ወደ አንድ የሚጠጋ ትልቅ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ፐልሳሮች የሰጡት ፍርድ

ሙል ያለው አካል ሙል ከሌለው አካል ጋር በጥንድ ሲዞር፣ ሥርዓቱ እንደ አንቴና የዳይፖል ጨረራ ይለቃል። አጠቃላይ አንጻራዊነት ዳይፖልን አያውቅም፤ በእርሱ ዘንድ የስበት ሞገድ የሚጀምረው ከኳድሩፖል ነው። የዳይፖሉ ኃይል ከሁለቱ አካላት የሙል ልዩነት ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል፤ ከኳድሩፖሉ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በብርሃን ፍጥነትና በምህዋር ፍጥነት ጥምርታ ስኩዌር ይጎላል። ዝግተኛ ጥንዶች ዳይፖልን ለማየት የተሻሉ ናቸው የሚለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የሚያስገርመው አባባል የመጣው ከዚህ ነው።

ፒኤስአር ጄ1738+0333 የተባለው ጥንድ ጥሩ ምሳሌ ነው። 1.46 የፀሐይ መጠነ ቁስ ያለው ፐልሳር ከ0.18 የፀሐይ መጠነ ቁስ ነጭ ድንክ ጋር በ8.5 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል። ከእነዚህ ቁጥሮች የምህዋር ፍጥነቱ በሰከንድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሆነ ማስላት ይቻላል፤ ጉልህነቱም ወደ 700 ሺ እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ እጅግ ትንሽ የሙል ልዩነት እንኳ የምህዋሩን መጥበብ በሚታይ መጠን ባፋጠነው ነበር። ፖል ፍሬይሬና ባልደረቦቹ በ2012 ያቀረቡት ልኬት ግን ከአጠቃላይ አንጻራዊነት ትንበያ ጋር ተስማምቷል። በ1974 የተገኘው ዝነኛው የኸልስና የቴይለር ጥንድ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የደከመ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሁለቱ ኒውትሮን ኮከቦች መጠነ ቁሳቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ ሙል ቢኖራቸውም ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ይጣፋል። የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ሥርዓት ለሁሉም ጥያቄ ምርጥ መሣሪያ አይሆንም።

አንድ ፐልሳር ብቻውን ግን በር አይዘጋም። ስኬላራዊነት በየትኛው መጠነ ቁስ ላይ ከፍተኛ እንደሚሆን የሚወስነው የኒውትሮን ቁስ የግፊትና የእፍግታ ዝምድና ነው፤ ይህ ዝምድና ደግሞ ገና በእርግጠኝነት አይታወቅም። በ1.4 የፀሐይ መጠነ ቁስ ላይ የታገደ ክስተት በ1.7 ላይ ሊገኝ ይችላል። በመሆኑም ተመራማሪዎች የተለያየ መጠነ ቁስ ያላቸውን ፐልሳሮች እየሰበሰቡ ክፍተቱን ከሁለቱም ጎን አጠበቡት፤ ከእነርሱ አንዱ በ2013 መጠነ ቁሱ 2.01 መሆኑ የታወቀው ፒኤስአር ጄ0348+0432 ነው። በ2022 በሰባት ፐልሳሮች ላይ የተመሠረተ ትንታኔ፣ መጠነ ቁስ የሌለው መስክ ባለበት በመጀመሪያው የዳሙርና የኤስፖዚቶ-ፋሬዝ ሞዴል የቀረውን መስኮት በተግባር ዘግቶታል።

በእኔ እይታ ሞዴሉ ከዚያም በፊት ሌላ ቁስል ነበረበት። ዳሙርና ኬኔት ኖርድቬት በዚያው በ1993 እንዳሳዩት፣ ቤታ አዎንታዊ ሲሆን የዓለማት መስፋፋት መስኩን ወደ ዜሮ ይስበዋል። ቤታ አሉታዊ ሲሆን ግን ያው ሂደት መስኩን ከዜሮ ያርቀዋል። ስለዚህ የፀሐይ ፈተናዎችን እንዲያልፍ መነሻ ዋጋው እጅግ በጠበበ ልክ መመረጥ አለበት። ይህ ንድፈ ሐሳቡን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን «ፀሐይ ዙሪያ ጸጥ ይላል» የሚለው ውበት በነጻ የተገኘ እንዳልሆነ ያሳያል።

መውጫ መንገድ አለ፤ መስኩ ራሱ ጥቂት መጠነ ቁስ ይኑረው። በዚህ ጊዜ መስኩ ከተወሰነ ርቀት በኋላ በፍጥነት ይጠፋል። የቅንጣቱ መጠነ ቁስ 10⁻¹⁶ ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን ይህ ርቀት 2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከላይ ከጠቀስነው ጥንድ የምህዋር ስፋት ጋር ይቀራረባል። ከዚህ የከበደ መስክ በነጭ ድንኩ ዘንድ አይታወቅም፤ 10⁻¹¹ ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ ደግሞ ርቀቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርድና መስኩ በኮከቡ አካባቢ ብቻ ታጥሮ ይቀራል። ፈቲ ራማዛኖሉና ፍራንስ ፕሪቶሪየስ በ2016 ያመለከቱት ይህን ሰፊ ክልል ነው። እዚያ ውስጥ ያለውን ኮከብ ሊያጋልጥ የሚችለው የፐልሳር ሰዓት ሳይሆን የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ውህደት የመጨረሻ ቅጽበት ነው።

ፀጉር የሌለው ጥቁር ጉድጓድ

ከላይ በተገለጸው ንድፈ ሐሳብ ጥቁር ጉድጓድ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። መስኩን የሚቀሰቅሰው የቁስ እፍግታ ነው፤ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ግን ባዶ ኅዋ ብቻ አለ። ስቲቨን ሆኪንግ በ1972 ለብራንስና ዲኪ ንድፈ ሐሳብ፣ ቶማስ ሶቲሪዩና ቫሌሪዮ ፋራዮኒ በ2012 ለሰፊ የስኬላር-ቴንሰር ቤተሰብ እንዳረጋገጡት፣ የረጋ ጥቁር ጉድጓድ ከአይንስታይን ጥቁር ጉድጓድ አይለይም። ጆን ዊለር «ፀጉር የለውም» በሚል አባባል ያስፋፋው ሐሳብ ይህ ነው።

የማረጋገጫው አካሄድ አጭር ነው። የመስኩን እኩልዮሽ በመስኩ አባዝተን ከክስተት አድማሱ እስከ ወሰን-አልባ ርቀት ኢንተግራል እንወስዳለን። በዳር ያሉት ክፍሎች ይጠፋሉ፤ የሚቀረው የመስኩ ግራዲየንት ስኩዌርና የመጠነ ቁሱ ክፍል ድምር ዜሮ ነው የሚል እኩልነት ነው። ሁለቱም አሉታዊ ካልሆኑ፣ ግራዲየንቱ በሁሉም ቦታ ዜሮ መሆን አለበት። ይህን ማረጋገጫ ማወቅ የሚጠቅመው ማምለጫውን ስለሚያሳይ ነው፤ «መጠነ ቁስ» ስኩዌሩን በባዶ ኅዋ እንኳ አሉታዊ የሚያደርግ ነገር ቢገኝ ክርክሩ ይፈርሳል። በባዶ ኅዋ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጉብጠቱ ራሱ ነው።

ሚናው ሲገለበጥ

ከጉብጠት ስኩዌሮች ከሚሠሩ መጠኖች መካከል የጋውስ–ቦኔ መጠን ልዩ ነው። በአራት ልኬቶች ብቻውን ሲቆም ለእኩልዮሾቹ ምንም አይጨምርም፤ ኢንተግራሉ የቅርጽን ጠባይ ብቻ የሚቆጥር ነውና። በስኬላር መስክ ሲባዛ ግን የመስኩ ምንጭ ይሆናል። ለማይሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ፣ መጠነ ቁሱን በርዝመት አሃድ ስንገልጸው፣ ዋጋው 48 ጊዜ የመጠነ ቁሱ ስኩዌር ለሬዲየሱ ስድስተኛ ኃይል የተካፈለ ነው።

ጥምረቱ ቀጥተኛ የሆነበትን ቀላሉን ሁኔታ እንውሰድ፤ የጥምረቱን ጥንካሬም አልፋ እንበለው። እኩልዮሹን አንድ ጊዜ ኢንተግራል ስንወስድ የመስኩ ፍሰት 16 ጊዜ አልፋ ጊዜ የመጠነ ቁሱ ስኩዌር ለሬዲየሱ ኩብ የተካፈለ ሆኖ፣ አንድ ያልታወቀ ቋሚ ቁጥር ይደመርበታል። በአድማሱ ላይ መስኩ እንዳይፈነዳ ፍሰቱ እዚያ ዜሮ መሆን አለበት። አድማሱ የሚገኘው በመጠነ ቁሱ ሁለት እጥፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቋሚው ቁጥር አሉታዊ ሁለት አልፋ ለመጠነ ቁሱ የተካፈለ ይሆናል። ከሩቅ የሚታየው ሙል ይኸው ነው፤ ሁለት አልፋ ለመጠነ ቁሱ የተካፈለ። ሙሉን የመረጠው አድማሱ እንጂ ተመራማሪው አይደለም፤ ዜሮ እንዲሆን መፍቀድም አይቻልም። ሶቲሪዩና ሹዋንግ-ዮንግ ዡ በ2014 በዚህ ዓይነት ንድፈ ሐሳብ ጥቁር ጉድጓድ የግድ ፀጉር እንደሚያበቅል አሳይተዋል።

አሁን በጥቁር ጉድጓዱ ቦታ ኒውትሮን ኮከብ እናስቀምጥ። ከኮከቡ ውጭ ቀመሩ ያው ነው፤ ነገር ግን አድማስ የለም። በምትኩ ፍሰቱ በማዕከሉ ዜሮ መሆን አለበት። የጋውስ–ቦኔ መጠን የሌላ መጠን ሙሉ ውልድ ስለ ሆነ፣ በኮከቡ ውስጥ ያለው ድርሻ አሉታዊ ሆኖ ከውጭ ያለውን በትክክል ያጣፋዋል። ያልታወቀው ቋሚ ቁጥር ዜሮ ይሆናል፤ ሙሉም እንደዚሁ። ኮከቡ በአቅራቢያው መስክ አለው፤ ከሩቅ ግን ዕርቃኑን ነው። ኬንት ያጊ፣ ሊዮ ስታይንና ኒኮላስ ዩኔስ ይህን በሰፊው አረጋግጠዋል። በመጀመሪያው ንድፈ ሐሳብ ኮከቡ የለበሰውን ጥቁር ጉድጓዱ አይለብስም፤ በሁለተኛው ጥቁር ጉድጓዱ የለበሰውን ኮከቡ ያወልቃል። ለኒውትሮን ኮከቦች የተዘጋ በር ለጥቁር ጉድጓዶችም ተዘጋ ማለት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጽሑፎች ውስጥ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ሲደበላለቁ ይታያል።

ጥምረቱ ቀጥተኛ መሆኑ ቀርቶ ከመስኩ ስኩዌር ጋር ሲሆን፣ የ1993ቱ ታሪክ በጥቁር ጉድጓድ ይደገማል፤ መስክ የሌለው መፍትሔ ይኖራል፣ ግን ከተወሰነ መጠነ ቁስ በታች አይረጋም። በ2018 ሦስት ቡድኖች በተናጠል ይህን አቅርበዋል። በ2020 ደግሞ የጥምረቱ ምልክት ሲገለበጥ ፈጣን ሽክርክሪት ራሱ ነውጡን ሊያስነሣ እንደሚችል ተገለጸ፤ ጥቁር ጉድጓዱ ከፍተኛ ሽክርክሪቱን ከግማሽ በላይ ሲይዝ፣ በዋልታዎቹ አካባቢ የጋውስ–ቦኔ መጠን አሉታዊ ይሆናልና። ከመስኩ ስኩዌር ብቻ የተሠራው ቀላሉ ሞዴል የሚሰጣቸው አዲስ መፍትሔዎች ራሳቸው የማይረጉ መሆናቸውን ግን መዘንጋት አይገባም፤ እንዲረጉ ከፍ ያለ ኃይል ያለው ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል።

ሙል ለመጠነ ቁስ ሲካፈል የሚገኘው ጥምርታ ከመጠነ ቁሱ ስኩዌር ጋር በተገላቢጦሽ መሄዱ ለምልከታ ትልቅ ትርጉም አለው። በ2022 ምስሉ የታየው በፍኖተ ሐሊብ እምብርት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከፀሐይ ከ4 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይከብዳል። ከ5 የፀሐይ መጠነ ቁስ ጥቁር ጉድጓድ ጋር ሲነጻጸር ጥምርታው በብዙ መቶ ቢሊዮን እጥፍ ያነሰ ነው። ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ጥያቄ የሚናገረው ነገር የለም። ተፈላጊው ትንሹ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ በተለይም ሙል ከሌለው ኒውትሮን ኮከብ ጋር የተጣመረው፤ የሙል ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ጥንድ ነውና። በጥር 2020 ሁለት እንዲህ ዓይነት ውህደቶች በስበት ሞገድ ተሰምተዋል። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በጂደብልዩ200115 ላይ የተመሠረተ ትንታኔ የአልፋን ስኩዌር ሩት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ አውርዶታል። በግንቦት 2023 የተሰማው ጂደብልዩ230529 ደግሞ ከ2.5 እስከ 4.5 የፀሐይ መጠነ ቁስ ያለው አካል ስለያዘ፣ ይህ አካል ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ ገደቡ ከዚያ በታች ይወርዳል። ይህ አካል ኒውትሮን ኮከብ ከሆነ ግን፣ ከላይ እንዳየነው፣ የሙል ልዩነት አይኖርምና ያው ምልክት ስለ አልፋ አንዳች አይናገርም።